ሊቀ ሠንጠረዥ ይስማው

"ዝርዝሩ ተስተካክሎ ይምጣ" የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በአገሩ የለም። ካለም ገና ሥራ አልጀመረም። ለደብረ ብርሃኑ ትምህርት ቤታችን ግን እግዚአብሔር አትረፍርፎ የመዝገብ ቤቱን አቶ ይስማውን ሰጥቶናል። እኔ በሆዴ ሊቀ ሠንጠረዥ እላቸዋለሁ።

ለትምህርት ቤቱ ስድሳኛ ዓመት በዓል ሁለት መቶ አርባ የቀድሞ መምህራን እንዲጠሩ ተወሰነ። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ስሞቹን ለቅሜ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና መለሱልኝ።

"መምህር፣ ማዕረግና ስም ባንድ ሳጥን አይገቡም።"

"ሰውየው ከነማዕረጉ አንድ ሰው አይደለም እንዴ?"

"ለርስዎ አንድ ነው። ደብዳቤው ግን ማዕረጉን ካንዱ ዓምድ፣ ስሙን ከሌላው ነው የሚቀዳው። የኮምፒውተሩ ሠንጠረዥ፣ ኤክሴሉ፣ ከተስተካከለ ሁሉም ባንድ ትንፋሽ ይወጣል።"

ባንድ ትንፋሽ! ሳምንት ሙሉ የኔን ትንፋሽ ቆረጡት እንጂ! ሠረቀብርሃን የሚል ስም ላይ ሲደርሱማ ስልክ አንስተው፣ "ይቅርታ አባቴ፣ ስምዎ በንጉሡ ሠ ነው በእሳቱ?" ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ስማቸውን ስላወጡላቸው ቄስ ግማሽ ሰዓት አወሩ። እሳቱ የሚነደው እኔ ላይ ነበር!

የመጨረሻው ዓምድ "በሕይወት" ወይም "ያረፉ" ይላል። በሕይወት ላሉት የክብር ጥሪ፣ ላረፉት ለቤተሰባቸው የመታሰቢያ ደብዳቤ ይወጣል።

በዓሉ አሥር ቀን ሲቀረው አቶ ይስማው ጫጫ ከተማ ለቅሶ ሄዱ። እኔም ወንበራቸው ላይ ተሰየምኩ። በፊደል ተራ ላስይዛቸው ብዬ የስሙን ዓምድ ብቻ መርጬ ቁልፉን ተጫንኩ። ስሞቹ እንደ ወታደር ተሰለፉ። ማዕረጉም፣ "በሕይወት" እና "ያረፉ" የሚለውም ባለበት ቀርቶ ከሌላ ሰው ስም ጋር መግጠሙን ግን ልብ አላልኩም። አተምኩ፤ ስም በተጻፈባቸው ፖስታዎች ከትቼ በየሚኒባሱ ላክሁ።

ቄስ ገብረአብ "ወይዘሮ" ሆነው አረፉት። እሱስ ቀላል ነው። በሦስተኛው ቀን ከጎረቤላ ስልክ ተደወለ። ስንቱን ፊደል ያስቆጠሩት መምህርት ለተጊዮርጊስ ናቸው።

"ልጄ፣ መሞቴን ከናንተ ሰማሁ። ፖስታውን ከሚኒባሱ የተቀበለልኝ ወንድሜ ከፍቶ አንብቦ፣ ቤቴን ዘግቼ ገበያ መሄዴን ሳያውቅ፣ ደብረ ሲና ላለው ዘመድ ሁሉ ደወለ። ከገበያ ስመለስ ድንኳን ሲተክሉልኝ ደረስኩ!"

አቶ ይስማው ከጫጫ ሲመለሱ ርእሰ መምህሩ ሁለታችንንም ጠሩን። አፌን ሳልከፍት አቶ ይስማው፣ "ፋይሉ የኔ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው" አሉ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። እኔ ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬ የማፍርበት ዝምታ ነው።

አቶ ይስማው ሁለት ቀን ሙሉ ለሁሉም እየደወሉ ይቅርታ ጠየቁ። ለመምህርቷ ግን "ስልክ አይበቃም" ብለው እኔንም ይዘው ጎረቤላ ወረዱ። ደጃፋቸው ላይ አቶ ይስማው ጎንበስ ሲሉ መምህርቷ ሳቁ።

"ተው ልጄ፣ ቀና በል! ማን እንዳለቀሰልኝ፣ ማን እንዳላለቀሰልኝ በዓይኔ አየሁ። ይሄ ዕድል ማንን ይገጥመዋል?"

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አላስችል አለኝ።

"አቶ ይስማው፣ የነካካሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። እኔ ጫጫ ሆኜ ሌላ ማን ሊነካው ነው?"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ቆልፌው መሄድ ነበረብኝ።"

ይህ ሰው እንዴት አያናድድም! እንደ ሰው ቢቆጣ፣ ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገብቼ እውነቱን ተናገርኩ፤ ማስጠንቀቂያው ወደ እኔ ዞረ። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም። ከዚያ መዝገብ ቤት ሄጄ ካጠገባቸው ወንበር ሳብኩ።

"እስቲ ያስተምሩኝ" አልኳቸው።

"መጀመሪያ እጅዎን ከማውሱ ላይ ያንሱ" አሉኝ።