ጋቢው ብቻውን ሲወጣ

ሐኪም ቤት የሚያስጨንቀው የታመመውን ይመስላችኋል? የለም። የታመመው አልጋ አለው፤ ቢያቃስት የሚሰማው፣ ቢብስበት መርፌ የሚወጋው አለ። ጭንቁ የበር ላይ ሰው ነው። ለእሱ ያለው የድንጋይ መቀመጫና «ወደዚያ!» ከማለት በቀር ሌላ አማርኛ የማያውቅ ዘበኛ ነው። ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚነግረው ስለሌለ ራሱ ይፈጥረዋል፤ የተጨነቀ ሰው ደግሞ ሸጋ ነገር ፈጥሮ አያውቅም።

እኔ እንኳ ፊደል የቆጠርኩት ወንድሜ ሲማር ከጀርባው ቆሜ ነው፤ ከፊሉም ቀርቶብኛል። የሰው ፊት ማንበብን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ አብሮኝ ተወለደ። ሰፈሩ «ማንጠግቦሽ ወሬኛ ናት» ይለኛል። ኧረ እኔስ ወሬኛ አይደለሁም! ዓይኔ ያያል፣ አፌ ደግሞ ዓይኔን ያከብራል፤ ሌላ ምን አደረግሁ?

እናላችሁ ጎረቤቴ አያ ካሳ፣ እዚሁ ጎንደር ከቀሐ ወንዝ ማዶ ግድግዳ የምንጋራው በቅሎ ነጋዴ፣ ከአይከል ገበያ በተመለሰ ማግስት ሆዱን ያዘው። ሚስቱ የሺ ፌጦ አጠጣችው፤ ጠበል ረጨችው፤ ጎረቤቱም ሁሉ ሐኪም ሆኖ የየራሱን አዘዘ። ሆዱ ግን እንደ ከበሮ ተወጠረ። ምነው፣ ታቦት የሚያልፍ ይመስል ቆማችሁ ታዩታላችሁ? አልኩና በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት አስነሳሁት።

ፈረንጁ ሐኪም ሆዱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ በአስተርጓሚ አናገረን። አንጀቱ ተጠምዝዟል፤ አሁኑኑ ሆዱ ተከፍቶ ካልተፈታ አይተርፍም፤ እሺ ትላላችሁ ወይስ ትወስዱታላችሁ? አለ። የሺ የቤቷን በር ለእንግዳ ለመክፈት እንኳ ባሏን የምትጠይቅ ሴት ናት፤ አሁን የባሏን ሆድ ለመክፈት ማንን ትጠይቅ? ወደ እኔ ዞረች። «እሺ በይ» አልኳት። ቢሞት ገዳዩ ማን ሊባል ነው? እኔው ነኛ!

በሩ ተዘጋ። እኛም ድንጋያችን ላይ ተቀመጥን። አንዲት ነርስ እየሮጠች ገባች፤ መሮጧ አስፈራኝ። ሌላዋ ቀስ ብላ ወጣች፤ ቀስ ማለቷ የባሰ አስፈራኝ። በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን አለፈ፤ ጨርቁን በዓይኔ ልገልጠው ምንም አልቀረኝ። የሺ ደጋግማ «ምን ይመስልሻል?» ትለኛለች። እኔም የሚያልፈውን ፊት ሁሉ አነባለሁ፤ ሁሉም ሞት ይላል።

ከዚያ አንዲት ለጋ ነርስ ብቅ አለች። እጇ ላይ የአያ ካሳ ጋቢ፣ እጀ ጠባብና ሱሪ ተጣጥፏል። ወስዳ የሺ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችና «ያዢ» ብላ ተመለሰች። ያዢ! ሌላ ቃል የለ፣ ምን የለ።

እስቲ ፍረዱ። በእኛ አገር የሰው ልብስ ባለቤቱን ትቶ ብቻውን የሚወጣው መቼ ነው? ለለቅሶ አይደለም? ይዘረጋል፣ ይለቀስበታል። መርዶ ነጋሪስ ቢሆን መቼ አፍ አውጥቶ «ሞተ» ይላል? የሺ ጩኸቷን ለቀቀችው። እኔም «እሺ በይ» ያለው ምላሴ እያቃጠለኝ ጋቢውን ድንጋዩ ላይ ዘርግቼ ሙሾ አወረድኩ፦

የአይከል ነጋዴ ባለ ቀይ በቅሎ፣
ሄደ አሉ ካሳ ጋቢውን ጥሎ።

በር ላይ የነበረው ሁሉ የየራሱን ጭንቀት ይዞ መጥቶ አብሮን አለቀሰ። ከፀዳ ከተማ የመጣች አንዲት ሴትማ ማን እንደሞተ የጠየቀችኝ ደረቷን ደቅታ ደቅታ ከደከማት በኋላ ነው። ቃሬዛውን ተሸክሞ የመጣው የየሺ ወንድም መቃብር ሊያስቆፍር ወደ ደብሩ በረረ።

ጩኸቱን ሰምታ ዋናዋ ነርስ እየተቆጣች ወጣች። ማነው የሞተው? ብትል፣ አያ ካሳ ነዋ! አልናት። ዓይኗ ፈጠጠ። «ኧረ ገና ቢላዋ አልነካውም! የሐኪም ቤቱን ልብስ ስላለበስነው የራሱን አወጣንላችሁ እንጂ» አለች።

ደስ አለን? አዎን፣ አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ወዲያ የመጣው ጭንቅ ከሞቱ ባሰ። ለካ ሊቀደድ ገና ነው! ሌላው ሰው ሞቶ ይለቀስለታል፤ እኛ እንባችንን አስቀድመን ጨርሰን ሞቱን ልንጠብቅ ሆነ። ሙሾዬ ሟርት ቢሆንበትስ? ተመልሼ ልውጠው አማረኝ። የሺ ጋቢውን አፋፍሳ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። እጠፊው እንጂ ብላት፣ «ካጠፍኩትማ ይሞትብኛል» አለችኝ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ዋናዋ ነርስ ራሷ መጣች። ፊቷ ፈካ ያለ ነው፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ያነበብኩትን አላምንም ነበር። «ተርፏል፤ ውሃ ስጡኝ እያለ ነው» አለች። የሺ እግሯ ላይ ተደፋች።

የእኔ ፍርሃት ግን ሲወጣ ቁጣ ሆኖ ወጣ። ምነው እመቤቴ፣ አልኳት፤ እጃችሁ ልብስ ከማውጣቱ በፊት አፋችሁ ቢቀድም ምን ነበረበት? አንዱን ውስጥ አዳናችሁ፤ በር ላይ ስንቱን ገደላችሁ! ሴትዮዋ ሰው ናት፤ ሰማችኝ። የሺን እጇን ይዛ ወስዳ ባሏ አጠገብ አስቀመጠቻት። ከዚያ ቀን ወዲህም ሥርዓት ወጣ፦ ልብስ ይዞ የሚወጣ ሁሉ አስቀድሞ ጮክ ብሎ፣ እከሌ በሕይወት አለ፣ ሕመሙ ይህ ነው፣ ልብሱ ይኸው እንዲል። ነገሥታቱ ለጎንደር ግንብ ሠሩላት፤ እኔ ደግሞ ለሐኪም ቤቷ አፍ ሠራሁላት። ቅር ያለው አያ ካሳ ብቻ ነው፤ ተሽሎት ቤቱ ሲገባ፣ «ምነው ማንጠግቦሽ፣ ለእኔ ሲሆን ሁለት ስንኝ ብቻ?» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ እኔው ታመምኩ። ብጉንጅ ወጣብኝ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር ካልኩ ይበቃል። በሰፈር አፍ መግባት ደግሞ ለእኔ አይሆንም፤ የሰፈሩ አፍ እኔ ነኛ! ፀዳ ክርስትና ተጠርቻለሁ አልኩና ነጠላዬን ተከናንቤ ብቻዬን ሐኪም ቤት ገባሁ። ያቺው ለጋ ነርስ ልብሴን አስወልቃ የሐኪም ቤቱን አለበሰችኝ። ሰው የለኝም፣ ልብሴ እዚሁ ይቀመጥልኝ ብላት፣ ኧረ ጎረቤቶችሽ በር ላይ ናቸው ብላኝ ውልቅ አለች። ለካ አያ ካሳ ቁስሉን ሊያሳይ ግማሹን ሰፈር አስከትሎ መጥቷል!

በመስኮት ሰማኋት። ካወጣሁት ሥርዓት አንዲት ቃል አላጓደለችም። «ማንጠግቦሽ በሕይወት አለች! ሕመሟ መቀመጫዋ ላይ የወጣ ብጉንጅ ነው! ልብሷ ይኸው!»

የሺ እልልታዋን አቀለጠችው። አያ ካሳም ስፌቱን በእጁ ደግፎ እየሳቀ፣ «ተመስገን! በሉ በርጩማውን አንሱ፤ ካሁን ወዲያ ቆማ ነው የምታወጋን» ሲል አልጋዬ ድረስ ተሰማኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኔስ መድኃኒቱን አገኘሁ፤ ያጣሁት መደበቂያውን ነው።