የላይኛው ግማሽ ሜዳ የስርጭት መብት

ኳስ ለማየት ድሮ ዓይን ይበቃ ነበር። አሁን ጠበቃም ሳያስፈልግ አይቀርም። አንዱ ጣቢያ የእንግሊዝን ሊግ ይገዛል፣ ሌላው የአውሮፓን ዋንጫ ይነጥቀዋል፣ ሦስተኛው ሁለቱ ሲናከሱ አድፍጦ የአፍሪካን ይዞ ብቅ ይላል፤ እርስዎ ሶፋዎ ላይ ሪሞት ጨብጠው ቡድንዎ ዛሬ በየትኛው ጣቢያ እንደሚታይ ሲያስሱ የመጀመሪያው አጋማሽ ያልቃል። እዚህ ናይሮቢ አንድ ኬንያዊ ጎረቤት አለኝ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ሦስት ዲኮደር ደርድሯል። ሚስቱ አቧራ በጠረገች ቁጥር የምትናገረውን ስዋሂሊ ባልተረጉመው ይሻላል።

በትልልቆቹ ጣቢያዎች እየሳቅኩ እንዳይመስልዎ። የመሳቅ መብት የለኝም። እኔ ራሴ የስርጭት መብት የሰጠሁ ሰው ነኝ።

የሁለቱ የናይሮቢ ሰፈሮች፣ የሳውዝ ሲ እና የኪሌሌሽዋ፣ ኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶች በየዓመቱ በኳስ ይጋጠማሉ። የዝግጅት ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ኳስ ስለማውቅ እንዳይመስልዎ፤ ሰብሳቢ በተመረጠበት ስብሰባ ላይ ስላልተገኘሁ ነው። ሥራዬ ውሃ ማስመጣትና ዳኛ መፈለግ ነበር። ዘንድሮ ግን ሁለት ቴሌቪዥኖች በአንድ ሳምንት በሬን አንኳኩ።

የመጀመሪያው ወንድም ዳንኤል ነው። ኑሮው ሰርግ መቅረጽ ነው፤ ኪሌሌሽዋ ካለው አፓርታማው አንዱን መኝታ ክፍል ስቱዲዮ አድርጎ፣ በኢንተርኔት ለወገኑ ሁሉ ያሰራጫል። ሁለተኛዋ እህት ሰብለ ናት። ሳውዝ ሲ ውስጥ የሞባይል ሱቅ አላት፤ የእሷ ቴሌቪዥን ሙሉ በሙሉ አንድ ስልክ ውስጥ ነው የሚያድረው። በፊት አብረው ነበር የሚሠሩት። ለምን እንደተለያዩ ቢጠይቋቸው እሱ "ይቅር ብያታለሁ" ይላል፣ እሷም "ይቅር ብየዋለሁ" ትላለች። ይቅርታው ሰላምታን አይጨምርም።

ሁለቱም የፈለጉት ብቸኛ መብት ነው። "የስልክ ቀረጻ ካለበት የእኔ ካሜራ አይመጣም" አለ ዳንኤል። ሰብለ ደግሞ በጣም በተረጋጋ ድምፅ፣ የሳውዝ ሲ ልጆችን ማልያ የገዛችው እሷ መሆኗን አስታወሰችኝ። እንግዲህ ልጆቹን ራቁታቸውን አላሰልፍ።

ጨነቀኝና ወደ ጋሽ ጌታቸው ሄድኩ። ጋሽ ጌታቸው የስንቱን ባልና ሚስት ትዳር ያተረፉ ሽማግሌያችን ናቸው። ካዳመጡኝ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡና፣

"ሜዳው መሐሉ ላይ መስመር የለውም እንዴ?" አሉኝ።

"አለው።"

"በቃ፣ አካፍሏቸዋ።"

እንዲህ ሆኖ ሜዳው ለሁለት ተከፈለ። በዕጣ የታችኛው ግማሽ ለዳንኤል፣ የላይኛው ለሰብለ ደረሰ፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ ላይቀርጽ ለየብቻ ቃል ገቡልኝ። ሙሉውን ጨዋታ ማየት የፈለገ ሰው ሁለት ስልክ ጎን ለጎን ይደርድር። ከትልልቆቹ በምን እናንሳለን?

ማናችንም ያላሰብነው ግን አንድ ነገር ነበር። የተከራየነው የትምህርት ቤት ሜዳ ቁልቁለት ነው።

ፊሽካው እንደተነፋ ኳሱ ተንከባሎ ወደ ዳንኤል ግማሽ ወረደ፤ እዚያው ጎጆ ወጣ። የእኛ የሳውዝ ሲ ልጆች ሁለት አገቡ። ሃያ አንድ ተጫዋች ታች ሲተረማመስ፣ የዳንኤል ጩኸት እስከ ሞምባሳ መንገድ ይሰማል። በሰብለ ርስት የቀረው የእኛ በረኛ ኤፍሬም ብቻ ነው።

ሰብለ ግን ኩሩ ሴት ናት፤ ስልኳን አላጠፋችም። "ውድ ተመልካቾቻችን፣ በረኛችን ጓንቱን እያጠበቀ ይገኛል" አለች። ትንሽ ቆይታም፣ "አሁን አዛጋ።"

ኤፍሬም ኢስሊ ሰፈር የልብስ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነው። እናቱ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ናቸው። ከአገር ከወጣ ወዲህ ሲደውልላቸው "ደህና ነኝ" ብሎ ቶሎ ይዘጋል፤ "ስታለቅስ መስማት አልችልም" ይላል። እና ሰብለ ስለ ማዛጋቱ እየዘገበች ሳለ ስልኳ ላይ አንድ መልእክት ብቅ አለ። የጎረቤት ልጅ ናት የጻፈችላቸው፦ "እናቱ ነኝ። ዞር ይበልልኝ፣ ጎኑን ልየው።"

ሰብለ ጮክ ብላ አነበበችለት። ኤፍሬም ዞረ።

"ከስቷል" የሚል መጣ። "ኧረ አልከሳም፣ ቁመቱ ነው" የሚል ሌላ ተከተለ፤ ይሄኛው ከአክስቱ ነው። ጥቂት ቆይቶ ግማሹ የሆሳዕና ጎረቤት ስለ ኤፍሬም ውፍረት ይከራከር ጀመር። ሁለት ጎል ያሳየው ዳንኤል ተመልካቹ ወዴት እንደሚሸሽ ግራ ገብቶት ካሜራውን ይነካካል።

ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ቦታ ተቀያየሩ። ኤፍሬም ወደ ታች፣ ወደ ዳንኤል ግዛት ወረደ፤ እናቱም ከነጎረቤታቸው ተከትለውት ወረዱ። ዳንኤል ስክሪኑን ሲያይ "ኳሱን ተዉትና በረኛውን አሳዩን" የሚል ተደርድሮበታል። ዳንኤል የሰርግ ሰው ነው፤ እናት ያላየችው ቪዲዮ እንዳልተቀረጸ ይቆጠራል። ካሜራውን ወደ ኤፍሬም አዞረ።

ሰብለ መስመሯ ላይ ቆማ ትንሽ ታገሠች። ከዚያ ተሻገረች።

"እህት ሰብለ፣ መስመር" አለ ዳንኤል። ከተለያዩ ወዲህ ሲያናግራት ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ኳሱ ያንተ ይሁን" አለችው እየተራመደች፤ "ልጁን ያገኘሁት እኔ ነኝ።"

ለማንም እንዳያደላ ብለን ያመጣነው ዳኛ ኬንያዊ ነው፤ ስለ ውላችን የነገረው የለም። ሜዳ ውስጥ ስልክ ይዛ የምትራመድ ሴት አየና "ማማ፣ ታፋዳሊ" ብሎ በትህትና ለመናት። አልሰማችውም። ቢጫ ካርድ ሰጣት።

በዚህ መሐል ኪሌሌሽዋዎች ሁለቱንም ጎል መለሱ። ሁለተኛው ሲገባ ኤፍሬም ቁርስ መብላቱን ለእናቱ እያስረዳ ነበር። የኪሌሌሽዋው በረኛ ደግሞ ላይ ብቻውን፣ የሚቀርጸው አጥቶ ቆሞ ሰለቸውና፣ እሱም እናት አለችው፣ ቀስ እያለ እስከ መሐል ሜዳ ወረደ።

ኤፍሬም ኳስ ያዘ። ዳንኤል ከጀርባው፣ "ለእናትህ አንድ ነገር በላት" አለው። ሰብለም ከጎኑ ስልኳን አስጠጋች።

"እማ፣ ይቺ ላንቺ ናት" አለና ለጋት።

ኳሷ በሁላችንም ራስ ላይ አለፈች፤ የወረደውንም በረኛ አለፈችው። ባዶው የላይኛው ሜዳ ላይ ሁለቴ ነጥራ፣ ማንም ሳይከለክላት መረብ ውስጥ ገባች። ዳኛው ወደ መሐል አመለከተ። ሦስት ለሁለት፤ ወዲያው አለቀ።

ኪሌሌሽዋዎች ምስሉን ካላየን አንቀበልም አሉ። "የላይኛው ሜዳ የእኔ ድርሻ አይደለም" አለ ዳንኤል። "እኔ ደግሞ እዚያ አልነበርኩም፣ ታች ለመሆኔ ካርድ አለኝ" አለች ሰብለ። ተያዩና ሳቅ አመለጣቸው። ጎን ለጎን ሣር ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም ቀረጻ ፈተሹ። ጎሉ የለም። ያለው የኤፍሬም ፊት ነው፤ አንዱ ላይ ከቀኝ፣ ሌላው ላይ ከግራ። ቀና ብሎ ያያል፣ አፉ ቀስ እያለ ይከፈታል፣ ፊቱን በጓንቱ ይሸፍናል፣ ከዚያ ልጅ ሆኖ ይስቃል።

ሰብለ ለሆሳዕና ድምፅ ላከች፤ "እማማ፣ ይቅርታ፣ ጎሉን አላሳየንዎትም" አለች። መልሱ ቶሎ መጣ።

"የቱን ጎል ነው? እኔ አየሁት እኮ።"

የኪሌሌሽዋ ሰዎች እስካሁን ማስረጃ አምጡ ይሉናል። ሆሳዕና አንዲት የዓይን ምስክር እንዳለችን ነግሬያቸዋለሁ።