የ«ሳ» ጠበቃ

ጋሽ እርማት ጠዋት ጠዋት የካቴድራሉ በር ሲከፈት ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ ያስደግፋሉ፤ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ ከዚያም በሩ አጠገብ ያለውን የእብነ በረድ ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባሉ። ሌሊቱን አንድ ቃል ሾልኮ እንዳልጠፋ የሚያረጋግጡ ይመስላሉ።

ጥንታዊ ሕንጻ ባለበት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ሹመት የለው፣ ደመወዝ የለው፤ ብቻ ከአስጎብኚው ኋላ ቆሞ ያርማል። የእኛው ክቡርነታቸው በማተሚያ ቤት አራሚነት አርጅተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሥራውን ግን አልተዉትም። «ግንቡ አርባ ሜትር ነው» ሲባል፣ «ከመሬት ነው ከደረጃው?» ይላሉ። ፎቶ የሚነሡ ሙሽሮችን ዓመተ ምሕረቱን ስለ ጋረዱ ወደ ቀኝ አስጠግተዋል።

ትልቁ ጦርነታቸው ግን በአንዲት ፊደል ነበር።

«ይህን ካቴድራል ያነጹት አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ናቸው» ይላል አስጎብኚው።

«ያሳነጹት!»

«ጋሼ፣ ያው አይደለም እንዴ?»

«ጫማህን ዛሬ ጠረግኸው ወይስ አስጠረግኸው?»

«አስጠረግሁት።»

«ታዲያ የጠራጊውን ድካም ለምን ትሰርቀዋለህ?»

እኔ የምሠራው እዚያው የጎብኚዎች ቢሮ ውስጥ ነው። አንድ ቀን እኔንም ሠላሳ እንግዶች ፊት አረሙኝ። እንግዶቹ ሳቁ፤ እኔ ቂም ያዝሁ። አዲሱን የጎብኚዎች በራሪ ወረቀት ሳዘጋጅ ሦስት ጊዜ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ሳዋን አደራ!» «እሺ ጋሼ» አልኋቸው፣ ሦስቱንም ጊዜ።

በኅትመቱ ቀን ከማተሚያ ቤቱ ተደወለ። «ያሳነጹት» የሚለው ቃል ያለበት ርእስ ከመስመሩ በአንድ ፊደል ተርፏል።

«ሳዋን አውጣት» አልሁ። ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ወረቀቱ በወጣ ጠዋት ጋሽ እርማት ቆመው አነበቡት። ጩኸቱን ጠበቅሁ። ለአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ «ደህና ዋል» አሉኝና ሄዱ። በማግሥቱ አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም።

ቤታቸው ሄድሁ። በር የከፈተችው ልጃቸው ናት።

«አባዬ ተኝቷል» አለችኝ። ከውስጥ የተኛው ሰው የራዲዮ ጣቢያ ሲቀያይር ይሰማል። እሷም ሰማችው፤ አፈረችና ደጃፉ ድረስ ወጣች።

«የአባዬ አያት የዚያ ግንብ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። ከመወጣጫው ወድቀው ነው የሞቱት። ስማቸው የትም አልተጻፈም። አባዬ ልጅ ሆነን ይወስደንና፣ እብነ በረዱ ላይ ‹ያሳነጹት› የሚለውን እያሳየ፣ ‹አያቴ እዚች ሳ ውስጥ አሉ› ይለን ነበር።»

«ሰላም በይልኝ» ብያት ተመለስሁ፤ ይህ ደግሞ ይቅርታ አይደለም።

አስጎብኚው አሁንም «ያነጹት» ሲል ለአፍታ ቆም ይላል፤ ልማድ ሆኖበት። ከኋላ ድምፅ ሲጠፋ ወደ እኔ ያያል። እኔ ወደ መስኮቱ አያለሁ።

ቢሮው የታተመው ወረቀት እስኪያልቅ ይታደል ብሏል። ቅዳሜ እንደገና እሄዳለሁ። ልጃቸው ስደውልላት በሩን እንደምትከፍትልኝ ነግራኛለች፤ እሳቸው ያናግሩኝ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።