አሥራ አምስተኛው ቤት

ትናንት ከምሳ በኋላ ቢሮ ውስጥ ክንዴን ተንተርሼ ሕልም አየሁ። ከመተኛቴ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሁለት ደቂቃ። የመሥሪያ ቤታችን አሥራ አራት የኮምፒውተር ፕሮግራም ፕሮጀክቶች እንደ አንድ ግቢ ተከራዮች በአንድ ትልቅ ፎልደር ውስጥ ይኖራሉ። አሥራ አምስተኛውን፣ «ቀጠሮ» የተባለውን የክሊኒክ ፕሮጀክት፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። በቢሯችን ማንም ከባዶ አይጀምርም፤ እኔም አጠገቤ የምትቀመጠውን የውብአንቺን «ላቦራቶሪ» የተባለ ፕሮጀክት እንዳለ ገልብጬ ነው የጀመርኩት። ሦስት ባልደረቦቼ ሥራዬን አይተው አጽድቀዋል። አሥር ሰዓት ላይ የክሊኒኩ ሰዎች መጥተው ያዩታል። ካልሠራ የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዬ እዚያው ያበቃል። አለቃችን አቶ ምሕረቱ ይህን ሁለት ጊዜ ነግረውኛል። ማሽኑ የጃቫስክሪፕት ፕሮግራሜ የሚደገፍባቸውን ፓኬጆች፣ ማለትም ሌሎች የጻፏቸውን አንዱ ያለ ሌላው የማይሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ እንዲጭን አዘዝኩ። ግማሽ ሰዓት እንደሚፈጅ ስለማውቅ ወዲያው ዓይኔን ጨፈንኩ።

በሕልሜ የሚጫነው እኔ ነበርኩ። የአሥራ አራት ቤቶች ሰው ወደ አንድ ግቢ ለመግባት ተሰልፏል። በሩን የሚጠብቀው ካፖርት የለበሰ ጓጉንቸር ነው።

«ብቻህን ነው የመጣኸው?» አለኝ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ብቻውን የመጣ አይሠራም። የምትደገፍባቸውን አምጣ።»

ፀጉር አስተካካዬን አመጣሁ። እሱ ያለ ምላጭ ሻጩ አልገባም አለ፤ ሻጩ ያለ አክስቱ፤ አክስቱ ያለ እድራቸው። ስቆጥር አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ደረሱ። አንዱን ሽማግሌ ሥራቸውን ጠየቅኳቸው።

«በር ሲከፈት ‹ተከፈተ› እላለሁ» አሉኝ።

«ሌላስ?»

«ሌላማ የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ ልጄ።»

«እሳቸው ከቀሩ ሁላችንም እንወድቃለን» አሉ አክስትየዋ በኩራት።

ከዚያ መርማሪዎች ፊት ቀረብኩ። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል።

«ሳታዩኝ?» አልኩ።

«ማየትማ መጠራጠር ነው። እኛ ሰው እናከብራለን!» አለ መካከለኛው፤ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶም ግንባሬን በማህተም መታኝ።

ጓጉንቸሩ መታወቂያዬን አነበበ። «ላቦራቶሪ።»

«አይደለሁም። ቀጠሮ ነኝ።»

«ላቦራቶሪ ነው የሚለው። ላቦራቶሪ ደግሞ ጠዋት ገብታለች።»

ውብአንቺ በመስኮት ብቅ አለች። «ቀሚሴንም ጫማዬንም ወሰድክ፤ ስሜን እንኳ ብትተውልኝ ምን ነበረበት?»

ዝቅ ብዬ አየሁ። የለበስኩት የእሷን ቀሚስ ነው። ከኋላዬ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባው ሰው ይገፋኛል፤ ሽማግሌውም በሩ ሳይከፈት «ተከፈተ! ተከፈተ!» ይላሉ።

«ጌታዬ፣ አንዲት ቃል ብቻ ልቀይር» ብዬ ለመንኩ።

ጓጉንቸሩ ትከሻዬን ያዘኝና ነቀነቀኝ።

«ተነስ እንጂ!» አሉ አቶ ምሕረቱ። «ሰዎቹ ደረጃው ላይ ናቸው!»

ሰዓቱ አሥር ሊሆን አራት ደቂቃ ይቀረዋል። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ አለ፦ «ላቦራቶሪ» የሚባሉ ሁለት ፕሮጀክቶች ስላሉ መጫን አልተቻለም። ፎልደሩን ስገለብጥ የውጭ ስሙን ቀይሬ የውስጡን ረስቼዋለሁ። ማሽኑ የቆመው ባዘዝኩት በሦስተኛው ሴኮንድ ነበር፤ እኔ ሃምሳ አራት ደቂቃ ጠብቄዋለሁ። የባልደረቦቼን ማጽደቂያ ከፈትኩ። ሦስቱም «በጣም ጥሩ» ብለዋል፤ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው የፈጀው አሥራ ዘጠኝ ሴኮንድ ነው።

ውብአንቺ አንገቷን አስግጋ አየችው። «እኔም የባልደረባችንን የተሾመን ፕሮጀክት ስገለብጥ እንዲሁ ሆኖብኝ ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ?»

ቃሉን ቀየርኩና እንደገና አዘዝኩ። የክሊኒኩ ሰዎች ገብተው ወንበር ሳቡ። አቶ ምሕረቱ ስክሪኔን ወደ እንግዶቹ አዞሩት። «ተጭኗል፦ ሁለት በመቶ» ይላል።