ሸኚ የማያውቅ ባቡር

አንድ ባቡር ጣቢያ ለሰው ልጅ ያለውን አክብሮት ማወቅ ከፈለጋችሁ የሐዲዱን ርዝመት አትጠይቁ። ሰው ተሰነባብቶ እስኪጨርስ ስንት ጊዜ እንደሚሰጠው ተመልከቱ። በዚህ ጉዳይ ባለሙያ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መስኮቱ የዌስተንን ሐዲድ ቁልቁል በሚያይ አፓርትመንት ውስጥ ስኖር ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በሰፈራችን ካሉ ሐበሾች መሀል እኔ ሳልሸኘው መንገድ የወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ዌስተን ዛሬ ቶሮንቶ ዋጣትና የከተማው አንድ ጥግ ሆነች እንጂ ድሮ ራሷን የቻለች ትንሽ ከተማ ነበረች። እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ አንድ ፈረንጅ ጎረቤቴ እንደነገሩኝ፣ ያን ጊዜ ጣቢያዋ ምድጃ ያለው መጠበቂያ ክፍልና ሁሉንም ሰው በስሙ የሚጠራ ትኬት ቆራጭ ነበራት። ባቡሩ መጥቶ ይቆማል፤ ፖስታው ይጫናል፤ ሴቶቹ ይላቀሳሉ፤ ሁሉም ሲበቃው ሠራተኛው ፊሽካውን ይነፋል። እንዴት ያለ ጨዋ ባቡር! የዛሬው የአየር ማረፊያ ባቡር ግን በየሩብ ሰዓቱ ከተፍ ይላል፣ በሩ ይከፈታል፣ አፍ ከፍታችሁ ሳትዘጉ እሱ ይዘጋል። ፊሽካ የለ፣ የሚለመን ሰው የለ። እስቲ እናንተ "አንዴ ጠብቀኝ ወንድሜ" ብላችሁ ያላስቆማችሁት መኪና አለ? በር ግን የማንም ወንድም አይደለም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ እትዬ የሺ የሚባሉ ወዳጅ አሉን። እንግሊዝ አገር፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚኖረው ልጃቸው ሴት ልጅ ወለደ፤ ለእትዬ የሺ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ ናት። ሰማንያ ቀኗ እሑድ ላይ ዋለ፤ ክርስትና ደግሞ ለአያት ተብሎ አይገፋም። ዓርብ ማታ የሚነሣው አውሮፕላን ካመለጣቸው ክርስትናው አለፋቸው ማለት ነው። ለዚህች ቀን ሲሉ የጉልበታቸውን ኦፕሬሽን እንኳ አስተላልፈዋል።

ሽኝቱን የመራሁት እኔ ነኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስድስት ሰባት ሆነን ጣቢያው ላይ ተሰለፍን። በእኛ ዘንድ መንገደኛ ዕቃ ተሸክሞ ከታየ ሸኚው ምን ሠራ? ስለዚህ ባቡሩ እንደቆመ እኔ ትልቁን ሻንጣ፣ የሰፈራችን አንጋፋ ጋሽ በላቸው ደግሞ የእትዬ የሺን የእጅ ቦርሳ ይዘን ቀድመን ገባን። በመስኮት በኩል ደህና ቦታ መረጥን። ጋሽ በላቸው ወንበሩን በመሐረባቸው ጠረጉት። እትዬ የሺ ገና ውጪ ናቸው፤ አንዷን ስመው ሳይጨርሱ ሌላዋ ታቅፋቸዋለች። ተራው ባለቤቴ ስንዱ ዘንድ ሲደርስ በሩ ተዘጋ። ሸኚዎቹ ሄድን፣ መንገደኛዋ ቀሩ።

ፓስፖርታቸውም ስልካቸውም ጋሽ በላቸው ክንድ ላይ በተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ነው። ከዌስተን ቀጥሎ ያለው ፌርማታ ደግሞ ራሱ አየር ማረፊያው ነው፤ መሀል ላይ ወርዶ መመለስ ብሎ ነገር የለም። ያቺ ሕፃን አያቷ በሌሉበት ክርስትና ስትነሣ፣ ይህም በእኔ መሪነት ሲሆን ታየኝ። ወዲያው ስንዱ ደወለች።

"የት ናችሁ?"

"እየሄድን ነው።"

"እሱንማ አየን። ኤርፖርት ስትደርሱ ውረዱና እዛው ቁሙ። በኔክስቱ ትሬን ይዣቸው እመጣለሁ። ስማኝ፣ ተመልሳችሁ እንዳትመጡ።"

ጋሽ በላቸው ግን ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። "መንገደኛ ጥለን የሄድነው እኛ፣ ተከትለው ይምጡ የምንል እኛ? ነውር አይደለም እንዴ? ተመልሼ ራሴ አመጣቸዋለሁ" አሉ። አየር ማረፊያው ደርሰን እኔ ሻንጣውን ሳወርድ፣ እሳቸው ያው ባቡር ወደ ዌስተን ስለሚመለስ ወንበሩ ላይ ተደላደሉ።

"ጋሼ፣ መንገድ ላይ ትተላለፋላችሁ እኮ" ብል ማን ሰምቶኝ። ትልቅ ሰው ደግሞ በክንዱ አይጎተት። በራሳቸው መንገድ ሄድኩባቸው።

"እንግዲያው ቦርሳውን ለእኔ ይስጡኝ" አልኳቸው። "የሴት ቦርሳ አንጠልጥለው ብቻዎን ሲሄዱ ሰው ቢያይዎት ምን ይላል?"

እንደ እሳት ጣሉት። በሩ ተዘጋ፣ ጋሽ በላቸውም ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ ዌስተን ገሰገሱ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ እትዬ የሺ ከስንዱ ጋር ከባቡሩ ወረዱ። በዚህ ጊዜ ሩጫ ነበር የሚያስፈልገው አይደል? እኔ ግን ካገር የመጡ ያህል ደስ ብሎኝ "እንኳን ደህና መጡ" ብዬ ሳምኳቸው። እሳቸውም "እንኳን ደህና ቆየኸኝ" ብለው አጸፋውን መለሱ። ከዚያ እኔና እሳቸው ገና ስላልተሰነባበትን ስንብቱ ደግሞ ከመጀመሪያው ሊጀመር ሆነ። ስንዱ መሀላችን ገብታ "በቃ፣ የአውሮፕላኑ ጌት ሊዘጋ ነው" እያለች በትከሻዋ ገፍታ አስገባቻቸው። እሑድ ሕፃኗ ነጭ ለብሳ አያቷ እቅፍ ውስጥ ያለችበት ፎቶ ስልኬ ላይ ሲገባ፣ ዝም ብዬ አለቀስኩ።

ከወር በኋላ እትዬ የሺ ሲመለሱ ልንቀበላቸው እዚያው ዌስተን ተሰለፍን፤ ጋሽ በላቸው ከሁላችን ቀድመው መጥተዋል። የእትዬ የሺን ሻንጣ እየጎተትኩ የልጃቸውን ከተማ ጣቢያ እንዴት እንዳገኙት ጠየቅኳቸው። ባለሙያ ነኝ ብያችሁ የለ?

"ትንሽዬ የጡብ ቤት ናት፤ በየበርሜሉ አበባ ተክለውባታል። ባቡሩ በሰዓት አንዴ ነው የሚመጣ፤ ፊሽካ የሚነፋ ሰውም አለው" አሉኝ። "ወደዚህ የተነሣሁ ዕለት ልጄ ሻንጣዬን አስገባልኝና ሥራ ረፍዶበት ሮጠ። እኔ ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰውየው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ 'የሚጠብቁት ሰው አለ?' አለኝ። ጨዋ ነው፣ ባቡሩን አቁሞ ጠበቀኝ።"

"ምን አሉት ታዲያ?"

"የኔ ሸኚዎች ቶሮንቶ ናቸው፣ ንፋው አልኩት።"