የጋሽ ብሎን ካርቡሬተር

በየሰፈሩ አንድ የማትነሳ መኪና አለች፤ ኮፈኗ ውስጥ ደግሞ እስከ ወገቡ ገብቶ ቀና የማይል አንድ ሰውዬ አለ። ፊቱን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የሱሪውን መቀመጫ ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። አልፋችሁ ስትሄዱ «በርቱ፣ እንዴት ነው?» ብትሉት ከውስጥ «ትንሽ ነው የቀረው» የሚል ድምፅ ይመጣል። ትንሽ ነው የቀረው ማለት ሲጀምር በእቅፍ የነበሩት ልጆቹ ዛሬ ልጆቻቸውን አቅፈው ሊጠይቁት ይመጣሉ። ለእነሱም ትንሽ ነው የቀረው።

እኔ ይህን ሰውዬ በጋብቻ አገኘሁት። የሚስቴ አባት ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ብሎን» ይላቸዋል፤ እኔ ግን በልቤ ክቡር የዝገት ጉዳዮች ሚኒስትር እላቸዋለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተው መቀሳቸውን ሰቅለው ድሮ በትርፍ ጊዜያቸው ወደሚጎረጉሯት፣ ግቢያቸው ውስጥ ወደቆመችው መኪና ጠቅልለው ዞሩ። ለመርፌ ቀዳዳ ያልሆነ ዓይን ለብሎን ቀዳዳ እንዴት ሊሆን እንደሚችል የጠየቃቸው ሰው የለም። እኔም የሰው ልጅ ወስጄ ምን አፍ አለኝ?

መኪናዋ በወጣትነቷ ሰማያዊ ነበረች ይባላል። መቀመጫዎቿ ግን ዛሬም የሙሽራ ናቸው፤ ከካፖርት ሱፍ ሰፍተውላቸዋል፣ ከውስጥም ገበር አላቸው። መሪዋ የቆዳ ልብስ ለብሷል። የማርሹ ዘንግ ሳይቀር በልኩ የተቆረጠች ቆብ አለችው። ልብሷ ሙሉ ነው፣ የቀራት መሄድ ብቻ ነው።

የማትሄደው በካርቡሬተሯ ነው። ካርቡሬተር ማለት ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው ወደ ሞተሩ የሚገቡበት ዕቃ ነው፤ ክዳኑን የሚያስሩት አራት ትንንሽ ብሎኖች ናቸው። ከአራቱ አንዷ ዝጋ ተሰበረች፣ ክዳኑም በዚያ በኩል ከፈት ብሎ ቤንዚን ያልበው ጀመር። ጎረቤታችን መካኒኩ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ ስባሪዋን ያውጡና ሌላ ብሎን ያስገቡባት። አለቀ» አላቸው።

ጋሽ ብሎን ስድብ የሰሙ ያህል ደነገጡ። «አንድ ቁልፉ የተለየ ካፖርት ከእኔ ሱቅ ወጥቶ አያውቅም!»

እናም አራቱም እንዲመሳሰሉ ብለው ምንም ያልሆኑትን ሦስቱን መፍታት ጀመሩ። ሁለቱ እጃቸው ላይ ተሰበሩ። የሦስተኛዋ አናት ተላጠና ካቻቪቴ የሚይዝበት ጠፋ። አንድ የነበረው ችግር አራት ሆነ፤ በእሳቸው አስተያየት ግን አሁን ቢያንስ ተመሳስሏል። መካኒኩ አፉን በእጁ ይዞ ከአጥሩ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ማለት ልመና ሆነ። «ብሎን ይለመናል እንጂ አይታዘዝም» ይላሉ። የስፌት መኪና ዘይታቸውን አምጥተው በስባሪዎቹ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ፣ በትንሿ መዶሻ ቀስ ብለው ያንኳኳሉ፣ እንደ ሐኪምም ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። እኔ በፒንሳ ያዝ አድርጌ ልሞክር ብል፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!» ይሉኛል። ያፈሰሱት እሳቸው፣ የቸኮልኩት እኔ። ቀጥሎ ዘይቱ እስኪሰርግ ይጠበቃል። የሚጠበቀው ደግሞ መኪናዋ ውስጥ ነው።

እሳቸው መሪውን ይይዛሉ፤ እኔ ከጎናቸው እቀመጣለሁ። የከሰዓት ፀሐይ አቧራ በለበሰው መስታወት በኩል ትገባና ሁሉን ነገር ማር ታስመስለዋለች። ሱፉ ይሞቃል፣ ዘይት ዘይት ይሸታል። ጋሽ ብሎን ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ «ይኸው ከከተማ ወጣን» ይላሉ። እንወጣለን። «ድልድይ አለ፣ ቀስ ልበል።» የእውነት ፍሬን ይረግጣሉ። ዛፎቹ በግራም በቀኝም ይመጣሉ፤ ከብቶች መንገድ ይዘጉብናል፣ እሳቸውም በትዕግሥት ይጠብቋቸዋል። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ የግቢው ግንብ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራል፤ ገመድ ላይ የተሰጡት አንሶላዎች ነፋስ ሞልቷቸው አብረውን ይጓዛሉ። ከፊት ለፊት ውኃ ይታየኛል፣ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ።

«ጋሼ፣ ሐይቁ ጋ ደረስን እንዴ?» እላለሁ በሕልሜና በውኔ መሃል።

«ደርሰናል። ግን እንዳትወርድ፣ ዘይቱ ገና አልሰረገም።»

ሐይቁ የሚስቴ እናት ጉዳይ ነው። ማለቴ፣ የተጋቡ ጊዜ ጋሽ ብሎን በመኪና ወስደው ሊያሳዩአቸው ቃል የገቡላቸው እሱን ነበር። መኪናዋ የተገዛችውም ለዚያ ነው። እናታችን ዓመታቱን በሙሉ የልብስ ማስጫ ገመዳቸውን በመኪናዋ ዙሪያ እያዞሩ ኖረዋል፤ ስለ ሐይቁ ሰው ባነሳ ቁጥር፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ባልዲያቸውን ያነሳሉ።

አንድ ቀን ግን ባልዲውን አላነሱም። ምሳ ላይ ሁላችንም በተቀመጥንበት ተናገሩ። «ቅዳሜ ብረት ገዢው ይመጣል። እሱ እስኪመጣ ከተነሳች ተነሳች። ካልተነሳች ጭኖ ይሂድ፤ እኔም ቦታዋ ላይ አበባ ልትከልበት።»

ጋሽ ብሎን ጉርሻቸውን መለሱ። ቁጣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ወደ መኪናዋ አዩ፤ ያን ጊዜ ገባኝ። መኪናዋን የጫነው ሰው ቃላቸውንም አብሮ ጭኖት ይሄዳል። ሚስታቸውን ሐይቅ አሳያለሁ ብሎ ያላሳየ ሰው ሆነው መቅረታቸው ነው። የዚያን ዕለት መሳቅ አቃተኝ።

በዚያው ሳምንት ስባሪዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ምናልባት ልመናው ሰለቻቸው። ጋሽ ብሎን የአሮጌ ዕቃ ተራውን ሲያስሱ ሰንብተው፣ አናታቸው ክብ፣ መልካቸው ወርቅማ የሆኑ አራት መንትያ ብሎኖች ይዘው ገቡ። እንደ ልብስ ሰፊ የመረጡት በፊታቸው ነው፤ ቁመታቸውን ያየ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ ጥብቅ ብለው ታሰሩ። አራተኛዋ ግን ከእኅቶቿ ትረዝማለች፤ ክዳኑን ሳትይዝ የጉድጓዱን መጨረሻ ነክታ ቆመች። ሞተሩን ለማስነሳት ስንሞክር ቤንዚኑ በዚያው በኩል ማላብ ጀመረ።

«ትንሽ ነው የቀረው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ሰለለ። የጭነት መኪናው በሩ ላይ ጥሩምባ ነፋ።

ብረት ገዢው ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ የተረጋጋ ሰው ነው። ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አየ። ኪሱን በረበረና አንዲት ብሎን አወጣ። ቁመቷ ልክ ነው፣ ጥርሷም ልክ ነው። አናቷ ግን ባለ ስድስት ማዕዘን ነው፤ ያውም ደማቅ ቀይ ቀለም የተቀባ። ጋሽ ብሎን በጣታቸው ሞከሯት፤ እየተሽከረከረች ገባች። ወዲያው ነቅለው አወጧት።

«አትሆንም።»

«ገባች እኮ፣ አባቴ!» አለ ሰውዬው።

«አትመሳሰልም! እንዲህ ያለ ሥራ ለሰው አስረክቤ አላውቅም፣ አሁንም አላስረክብም።» ቀይዋ ብሎን መዳፋቸው ላይ ነች፤ አያስገቧት፣ አይጥሏት።

የሚስቴ እናት በዚህ መሃል ከቤት ወጡ። ድሮ ጋሽ ብሎን የሰፉላቸውን ካፖርት ለብሰዋል፤ ቁልፎቹ ሁሉ እኩል ያበራሉ። ማንም ልበሱ አላላቸውም። በቀስታ መጥተው ኮፈኑን ተደገፉ፣ ሦስቱን ወርቅማ ብሎኖች አዩ፣ ቀይዋን አዩ፣ ባላቸውን አዩ።

«አንተ ሰውዬ» አሉ፣ «እኔና አንተ መቼ ተመሳስለን ነው እስከ ዛሬ ተያይዘን የኖርነው?»

ብረት ገዢው ወደ ሰማይ አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ጋሽ ብሎን ካፖርቱን ተመለከቱና አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ጠረግ አድርገው ቀይዋን ብሎን አስገቡ፤ ቀስ ብለው አጠበቋት። ክዳኑ ገጠመ። ቁልፉን ሲያዞሩት መኪናዋ አንዴ አሳላት፣ ደግሞ አሳላት፤ ከዚያ ግቢውን በሰማያዊ ጭስ ሞልታ ተነሳች። ብረት ገዢው አጨበጨበ። መካኒኩ በአጥሩ ላይ ብቅ አለና እሱም አጨበጨበ።

በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። እናታችን ከፊት ተቀመጡ። መኪናዋ ገመዱን ከነአንሶላው በጣሪያዋ እየነካካች አልፋ ወጣች፣ እኔም ሣር የማያውቀው ደረቅ መሬት ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ቅዳሜዬን ይዘውብኝ ሄዱ። ያን ሁሉ ጊዜ የሳቅሁባቸው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው እሳቸውን ኖሯል።

መኪናዋ መታጠፊያው ላይ ቆመች። የሚስቴ እናት አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«ምን ትገተራለህ? ግባ እንጂ! መንገድ ላይ ስትቆም ማን ሊገፋት ነው?»

ሮጬ ገባሁ። ሐይቁ ጋ የደረስነው ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ነው። የመጨረሻውን ዳገት መኪናዋ ደክሟት በእኔ ጉልበት ነው የወጣችው። ከኋላ ሆኜ እየገፋሁ፣ በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱ ሽበታም ራሶች ተጠጋግተው አየሁ፤ ቀጥሎም ከእነሱ ወዲያ ውኃው ታየ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የገፋሁት ነገር የለም።