አስታማሚው ኮረብታ ላይ ነው

ሰው ሲታመም የሚያስፈልገው መድኃኒት ነው ያለው ማን ነው? መቼም ታሞ የማያውቅ መሆን አለበት። እኔ ተኝቼ አይቼዋለሁና ልንገራችሁ፤ ሰው ሲታመም የሚያስፈልገው ወሬ ነው። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ጣልያን ወጥቶ አገር ቀና ካለ በኋላ። እኔ ያን ጊዜ አራዳ ጠላ እሸጥ ነበር። አንድ ክረምት ጎረቤቶቼ፣ ባልና ሚስት፣ ተጣልተው ጩኸታቸውን ሰማሁ። ላስታርቅ ነው የወጣሁት ብዬ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ለእናንተ ግን ምን እደብቃለሁ፤ ጠቡ ሳያልቅ ልድረስ ብዬ ነው የሮጥኩት። ጭቃው አንሸራተተኝና እግሬ ቀጭ አለ። ባልና ሚስቱ ጠባቸውን ትተው፣ አንዱ ከራሴ አንዷ ከግርጌዬ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱኝ። እንግዲህ አስታርቄያለሁ ማለት አይደል?

እግሬን በጀሶ ጠፍንገው ሴቶች ክፍል አስተኙኝ። የሆስፒታሉን ሕግ የሰማሁትም እዚያ ነው። ጠያቂ የሚገባው ሐሙስና እሁድ ከሰዓት ብቻ፤ አስታማሚ ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ሕጉን የምታስከብረው የነርሶቹ አለቃ ናት፤ ሲስተር የምንላት ፈረንጅ። አማርኛ ታውቃለች፤ በተለይ "አይቻልም" የምትለዋን ከእኛም አጥርታ ነው የምትናገራት።

እውነት ለመናገር ሲስተርም ወዳ አይደለም። የእኛን አገር አጠያየቅ ታውቁት የለ? በመጀመሪያው እሁድ ግማሹ አራዳ አልጋዬን ከበበው። አንዷ ዳቦ ቆርሳ ለክፍሉ ሁሉ ታድላለች። አጎቴ ለእግሬ ተጠንቅቆ ተጠንቅቆ በመጨረሻ የተሰበረው ላይ ተቀመጠ። አንዲት ደግ ባልቴት ደግሞ ጀሶውን ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና፣ "አይዞሽ፤ አማቼም ልክ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው" አለችኝ። ልታጽናናኝ እኮ ነው! እነሱ ሲወጡ ትኩሳቴ ወጣ። ሲስተር መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ በሩን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

ታዲያ ከእሁድ እስከ ሐሙስ ምን ተብሎ ይዋላል? ከጎኔ ያለው አልጋ ባዶ ነበር። ፈጣሪዬን፣ እባክህ የማጫውታት ጎረቤት ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። ሰማኝ። አንጓችን ሰጠኝ። አንጓች ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፣ አትናገርምም። ፈጣሪ አይቀልድም ያላችሁ ማን ነው?

አንጓች ኮሶዬ ከሚባል ገጠር የመጣች ሴት ናት። ሆዷ ውስጥ እባጭ ወጥቶባት ባሏ አያ ጫኔ በበቅሎ አምጥቷት ነው። አያ ጫኔ ባል ብቻ አይደለም፤ ጆሮዋም አፏም እሱ ነው። በእጅ፣ በቅንድብ፣ በትከሻ የሚነጋገሩበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ከሁለቱ በቀር የሚያውቀው የለም። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ በር ላይ ያስቀሩት።

እንዴት እንደቀረ ኋላ ራሱ አጫውቶኛል። ዘበኛው ባሻ ተገኝ፣ ካፖርቱን በጋ ከክረምት የማያወልቀው፣ "አስታማሚ አይገባም" ቢለው አያ ጫኔ እንዳልሰማ ሆኖ ሚስቱን ተከተለ። ባሻ ደሙ ፈላና "በጃንሆይ አምላክ ቁም!" አለው። ያን ጊዜ ይህ ቃል እንዲህ የዋዛ አልነበረም። በጃንሆይ አምላክ የተባለ ሰው ቤቱ እንኳ እየተቃጠለ ቢሆን ባለበት ቀጥ ይላል። አያ ጫኔም ሕግ አክባሪ ባላገር ነውና ቀጥ አለ፤ ከበሩም መለሱት። አንጓች ግን በምን ጆሮዋ ትስማው? እየተራመደች ገባች። ዞር ስትል ባሏ የለም።

ጥሎኝ ሄደ ብላ ነው የደመደመችው። ሌላ ምን ትበል? የሚያስረዳት ቢኖር እሱ ነበር። ጋቢዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እህል አልቀምስ አለች። ስታለቅስ የምታወጣት ትንሽ ድምፅ አለቻት፤ ያች ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋችም። እኔም አጽናናታለሁ ብዬ ያለኝን ወሬ ሁሉ አወራሁላት። ምን ላድርግ፣ ሌላ ሙያ የለኝ!

በማግስቱ ሐኪሙ መጣ። እሱም ፈረንጅ ነው፤ ሸጋ ሰው፣ ረጋ ያለ። ኦፕራሲዮን ካልሆነች እባጩ ይገድላታል ብሎ በአስተርጓሚ ነገረን። ለሷስ ማን ይንገራት? ራሱ ሊያስረዳት ተነሣ። ፈገግ አለና ጣቱን እንደ ቢላዋ አድርጎ በገዛ ሆዱ ላይ ሳብ አደረጋት። እናንተ ብትሆኑስ? የማታውቁት ፈረንጅ ሽርጥ ለብሶ እየሳቀ አርዳችኋለሁ ቢላችሁ? አንጓች ዘላ የእኔ አልጋ ሥር ገባች። ከዚያ ወዲያ ነጭ የለበሰ ሁሉ ሲቀርባት ትራሷን ትወረውርበት ጀመር። እኛም ይች ሴት በእጃችን ላይ ልትሞት ነው ብለን ተጨነቅን።

አንድ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። ከአጥሩ ማዶ ካለው ኮረብታ፣ ከወይራው ሥር፣ ገሳ የደረበ ሰው ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። እብድ መሰለኝ። እብድም ቢሆን ወሬ ነው ብዬ አንጓችን ነካ አድርጌ አሳየኋት።

አቤት! ምነው ባያችኋት! ከመስኮቱ ላይ ተለጠፈች። መጀመሪያ ሰደበችው፤ ስድብ በማንኛውም ቋንቋ ስድብ መሆኑ ይታወቃል። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ የምሳ ሳህኗን ጠራርጋ በላች። የእኔንም ጨምራ። እኛ ባለአፎቹ ቤተሰባችን በር ላይ ቆሞ ድምፃችን አይደርሰውም፤ አፍ የላትም የተባለችው ግን አጥር ተሻግራ ከባሏ ጋር ትጫወታለች።

ሴቶች ክፍል ይህን አይቶ ዝም የሚል ይመስላችኋል? ዘበኛ የከለከለው ቤተ ዘመድ ሁሉ ኮረብታውን ይወጣ ጀመር። ለአያ ጫኔ ይነግረዋል፤ አያ ጫኔ በእጁ ለአንጓች፤ አንጓች ለእኔ፤ እኔ ለክፍሉ። እንዴት ለመድሽው ትሉኝ ይሆናል። ወሬ ያለበት ነገር ለእኔ ምኑ ይከብደኛል? በእነሱ የእጅ ቋንቋ ሲስተር ቆብ ናት። ሐኪሙ መነጽር ነው። ባሻ የጢም መጠምዘዝ ነው። የእኔ ስም ደግሞ ሌባ ጣትና አውራ ጣት ገጥመው ከፈት ከደን፣ ከፈት ከደን፣ እንደ ዶሮ አፍ። አልተቀየምኳትም፤ እውነት ምን ያስቀይማል?

ስሕተት አልነበረም አልልም። አያ ጫኔ አንድ ቀን ምጥ አሳየ፣ ሕፃን ማቀፍ አሳየ። ከክፍላችን ጥግ የተኛች አንዲት የእንፍራንዝ ሴት ምራቴ ወለደች ብላ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እኛም አብረን አቀለጥነው። ሐሙስ ጠያቂዎቿ ሲገቡ የወለደችው ላሟ ሆና ተገኘች። አያ ጫኔ ቀንዱን ረስቶት ነው። ሴትዮዋ ግን ምን ብትል ጥሩ ነው? "ምራቴማ ወተት አታጠጣኝ!"

እልልታው ሲስተርን አመጣት። አንጓች መስኮቱ ላይ እጇን ስታወናጭፍ አየችና መጀመሪያ አእምሮዋን የነካት መሰላት። ቀጥሎ ወደ ውጭ አየች። ዝናቡ ዶፍ ነበር። አያ ጫኔ ገሳው ረስርሶ እዚያው ቆሟል። ሲስተር ብዙ አየችው። ነገሩን ስነግራት፣ "ሕግ ሕግ ነው" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ "ኮረብታው ግን ከአጥር ውጭ ነው" ብላ አስተርጓሚውን ላከችው፤ ስለ ኦፕራሲዮኑ ለአያ ጫኔ እንዲያስረዳ።

አያ ጫኔም አስረዳት። ትተኛለሽ፤ እንደ ስልቻ ይከፍቱሻል፤ ክፉውን ያወጡታል፤ ይሰፉሻል። አንጓች አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ጠየቀችው። ኩራዝ እፍ ብላ አጠፋች። ዓይኗን ጨፈነች። በግራ መዳፏ ላይ በቀኝ ጣቷ ጫር ጫር አደረገች። ከዚያ ባዶውን መዳፏን ዘርግታ አሳየችው።

ሲስተር ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። እኔም፣ "እመቤቴ፣ እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ኩራዙ ሲጠፋ መዳፍ ለመዳፍ ነው የሚጨዋወቱት። ዓይኔን ስትጨፍኑት መኖሬን በምን አውቃለሁ፣ ማን እጄን ይይዘኛል ነው የምትለው" አልኳት።

"አይቻልም" የምትለዋን ቃል ሁላችንም ጠበቅናት። አልመጣችም። ሲስተር አፍንጫዋን ጠረገችና "አስገቡት" አለች።

እሱ ግን አልገባም አለ! "በጃንሆይ አምላክ ተብያለሁ፤ በጥየቃ ቀንም ያልገባሁት ለዚሁ ነው። ያቆመኝ ሰው ራሱ ያንሣኝ" አለ። ባሻ ተገኝ ካፖርቱን እየጎተተ በዚያ ጭቃ ኮረብታውን ወጣ። "ተነሥቶልሃል፤ በሞቴ ግባ" አለና ስንቁን ራሱ ተሸክሞለት ወረደ።

በኦፕራሲዮኑ ቀን አያ ጫኔን ነጭ ሽርጥ አልብሰው አስገቡት። እጇን ሳይለቅ ዋለ። እባጩ የቅል ያህል ነበር አሉ። ዓይኗን ስትገልጥ ጣቱ መዳፏ ላይ ነበር፤ ምን እንዳላት የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው። ክፍላችን በእልልታ ተናጋ፤ ሲስተርም አልከለከለችንም። አያ ጫኔም ከአልጋዋ አጠገብ በርጩማ ተሰጠው።

ነገሩ ሸጋ ነበር። ችግሩ የመጣው በማግስቱ ነው። ኮረብታው ባዶ! ማን ወለደ፣ ማን ተጣላ፣ የማን ዶሮ ጠፋ፣ ምንም የለም። የእንፍራንዟ ሴት ስለ ጥጃዋ እንቅልፍ አጣች። ሁለት ቀን ታገሥን። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ አድሞ ሲስተርን አስጠራና፣ "ምነው፣ አስታማሚ አይገባም አልተባለም? ሕጉ ይከበርልን!" አለ። እኔ ነኝ ጮክ ብዬ ያልኩት።

ሲስተር እስክታለቅስ ሳቀች። አንጓችም አያ ጫኔን ካስወጣችሁት ትራሴን አነሣለሁ አለች። የእኔ ጀሶ የተፈታው በዚያው ሰሞን ነበርና የሁሉም ጣት ወደ እኔ ተቀሰረ። ሌላው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ እኔን ከነምርኩዜ ወደ ኮረብታው ሸኙኝ።

ከአያ ጫኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና የአራዳን ወሬ ከሥር ከመሠረቱ በእጄ አዘነብኩት። አንጓች መስኮቱ ላይ ሆና ስታየኝ ቆየች። ከዚያ ለባሏ አንድ ነገር አለችው፤ ሁለቱም ስፌቷን ደግፈው ሳቁ። ምን ብላ ይሆን ብዬ አላስቀምጥ አለኝ። እሁድ ስገባ አያ ጫኔን ያዝኩት። "ተይው እታለም" አለኝ። በግድ አስማልኩት።

"ይች ሴትዮ በእጇም ትጮኻለች፤ ዓይኔን ልታደነቁረኝ ነው፤ ነው ያለችው" አለኝ።